በማዘዣው ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ሰዎች

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጉልበቷን ያማታል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጨጓራዋ ይነሳባታል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰልፈን፣ የጤና መድህን መታወቂያዋን አሳይተን፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ተራችን ደረሰ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል። «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላት። ነገረችው። ጉልበቷን ጫን ጫን እያደረገ አየ፣ ግፊቷን ለካ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቃትና መጻፍ ጀመረ። ሁሉም ነገር አምስት ስድስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ማዘዣውን ሊቆርጥ ሲል ቀና ብሎ «መድህን አላቸው አይደል?» ሲል እኔን ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። ተመልሶ ከታች አንድ መስመር ጨመረ።

ያቺን መስመር እስካሁን አልረሳኋትም። ቢ ኮምፕሌክስ ነበረች፤ ቫይታሚን። ዋጋዋ ብዙ አይደለም፤ እናቴንም አልጎዳቻትም። ያልረሳኋት የጥያቄውና የመልሱ ቅደም ተከተል ስላስደነገጠኝ ነው። መድህን መኖር አለመኖሩ የሕመም ምልክት አይደለም። ጉልበት መድህን ስላለው አይድንም፣ ስለሌለውም አይብስበትም። ታዲያ «አዎ» ያልኳት አንዲት ቃል እንዴት መድኃኒት ሆና ማዘዣው ላይ ሰፈረች?

ፋርማሲው መስኮት ላይ ስንደርስ ፋርማሲስቷ አምስቱን መስመር አነበበች፦ ዳይክሎፌናክ፣ ኦሜፕራዞል፣ የጉልበት ቅባት፣ አሞክሲሲሊን፣ ቢ ኮምፕሌክስ። ሦስቱን ከመደርደሪያው አወረደች። ቅባቱንና ኦሜፕራዞሉን በእስክሪብቶ ከበበችና «እማዬ፣ እነዚህ የሉንም፤ ከውጭ ይግዟቸው» አለቻት። ከኋላችን ጋቢ የለበሱ፣ አነስ ያለች ፔርሙስ በገመድ ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ መቆየት አለበት፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በረዶ ያለበት ፔርሙስ ውስጥ አድርጎ ነው የሚወስደው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «አባባ፣ ኢንሱሊን አልገባም» አለቻቸው። «እሺ ልጄ፣ መቼ ልመለስ?» «ሳምንት ይሞክሩ፤ ግን እንዳይለፉ መጀመሪያ በስልክ ቢጠይቁ ይሻላል።» «ስልክስ የለኝም» አሉና ፔርሙሷን ወደ ጀርባቸው አዙረው ወጡ።

በዚያ ቀን የእናቴ ቫይታሚን የሽማግሌውን ኢንሱሊን አላስቀረም። መድኃኒት ከመደርደሪያ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ አለ፣ የግዥ መጓተት አለ፣ መጓጓዣ አለ። ግን ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛበት ካዝና አንድ ነው፤ መድህኑ ሒሳብ የሚያወራርድበትም ካዝና አንድ ነው። እናቴም ሽማግሌውም ዓመታዊ መዋጯቸውን ወደዚያው ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ በዚያ መስኮት ፊት ለፊት ቆመን ሳለ፣ ሳንተዋወቅ፣ አንዳችን የሌላችንን መድኃኒት ከፋዮች ነበርን። ሐኪሙ ያየው እናቴን ብቻ ነው። ሊያይ የሚገባው ማንን ነበር?

ሐኪም የማን ነው? መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የታካሚው ነዋ ይባላል። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲባል የኖረውም ይኸው ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪሙ ወደ ገባበት ቤት ሁሉ ለሕመምተኛው ጥቅም ሲል እንዲገባ ያስምለዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ሐኪምና ሕመምተኛ አሉ፤ ሦስተኛ ሰው የለም። ገንዘቡ የሕመምተኛው ስለነበረ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ቀበሌ ሙሉ ሰው አብሮ ተቀምጧል፤ የማይታይ፣ የማይናገር፣ ግን የሚከፍል።

ቋንቋችን ይህን ነገር ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። መድኅንም መድኃኒትም ከአንድ የግእዝ ግሥ ይወጣሉ፤ ከ«ድኅነ»። አንዱ የሚያድን ነው፣ ሌላው የሚያድኑበት። እኛ ግን በዕለት ንግግራችን ለያይተናቸዋል። መድኃኒት ስንል እንክብሉን እናያለን። መድህን ስንል ደግሞ ካርዱን፣ ማኅተሙን፣ «ነፃ ሕክምና»ን። እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ለጎረቤት ያለችው «በነፃ ሰጡኝ» ነው። መዋጮውን በገዛ እጇ የከፈለች ሴት ናት፤ ደረሰኙን በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሆኖም መድኃኒቱን በተቀበለች ጊዜ ገንዘብ ከቦርሳዋ ስላልወጣ ነገሩ ነፃ ሆነላት። ማንም ያልከፈለበት ይመስል። «ነፃ» የሚለው ቃል ከፋዩን ደብዛውን የማጥፋት ኃይል አለው፤ ከፋዩ ራስ ቢሆንም እንኳ።

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በተመረጡ 13 ወረዳዎች ለሙከራ። ሐሳቡ ለገበሬውና ደመወዝተኛ ላልሆነው የከተማ ሰው ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ለደሃ ደሃው መንግሥት ይከፍልለታል፤ የታመመ ይታከማል፤ ያልታመመ ይመስገን ብሎ ያድራል። ከዚያ በፊት በሬ ሸጦ መታከም፣ ወይም በሬውን አትርፎ መሞት፣ የብዙ ቤት ታሪክ ነበር። ይህን ያየ ሰው መድህንን በክፉ አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህ ነገር እንዲቆይልን ካለኝ ፍላጎት የመጣ ነው።

ብዙ ጊዜ መድህኑን ከእድር ጋር እያመሳሰሉ ያስረዱናል። ምሳሌው ለማስጀመር ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ይሸፍናል። እድር የሚከፍለው ለሞት ነው። ሞት ደግሞ የተቆረጠ ነገር ነው፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ማንም ለእድር ሲል አብዝቶ አይሞትም። የሚሰጠው ገንዘብም በደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ለአባል ይህን ያህል፣ ለቤተሰብ ይህን ያህል፣ ድንኳኑና ወንበሩ እንዲህ። ዳኛው እንኳ ቢወድ አንድ ብር አይጨምርም። ሕመም ግን እንዲህ አይለካም። የእናቴ ጉልበት ስንት ብር ነው? በፓራሲታሞልና በሙቅ ውኃ ሊያዝ ይችላል፤ በአምስት መስመር ማዘዣም ሊያዝ ይችላል። መጠኑን የሚቆርጠው የሐኪሙ እስክሪብቶ ነው። እንግዲህ የሚወስነው አንድ ሰው፣ የሚወስደው ሌላ ሰው፣ የሚከፍለው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሆነ ማለት ነው። በሌላ በየትኛውም ግብይት እንዲህ ዓይነት ነገር አንታገሥም። በሕክምና የምንታገሠው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው፤ ሕመምተኛው ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ አያውቅም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ ይህንኑ ነገር ነበር ያነሳው። ሕክምና እንደ ሌላ ሸቀጥ የማይገበያየው ገዢውና ሻጩ እኩል ስለማያውቁ ነው፤ ስለዚህም በዋጋ ፋንታ እምነት ይገባል አለ። ሐኪሙ ከነጋዴ የተለየ ጠባይ እንዲኖረው የምንጠብቀው ለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። መድህን ሲመጣ ይህ እምነት ድርብ ሆነ። ሕመምተኛው ሐኪሙን ስለ ሰውነቱ ያምነዋል። አዋጪው ደግሞ፣ ሐኪሙን በዓይኑ አይቶት ሳያውቅ፣ ስለ ገንዘቡ ያምነዋል። የመጀመሪያው እምነት መሐላ አለው። የሁለተኛው መሐላ ገና አልተጻፈም።

መድህን በእስክሪብቶ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ታይላንድን ማንሳት ይጠቅማል። ያቺ አገር በ2001 እ.ኤ.አ. «30 ባት» በሚባለው ፕሮግራም ሕዝቧን በሙሉ ወደ ጤና ሽፋን ማስገባት ጀመረች። የመንግሥት ሠራተኞች ግን የቆየ የራሳቸው ሽፋን ነበራቸው። ለሰፊው ሕዝብ የተመላላሽ ሕክምና፣ ሆስፒታሉ በተመዘገበለት ሰው ቁጥር ልክ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል። ለመንግሥት ሠራተኞች ግን ለታዘዘው እያንዳንዱ ነገር ሒሳብ ይልካል፣ ይከፈለዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ዓይነት ሕመም፣ የመንግሥት ሠራተኛው አዳዲስ፣ ውድና ከአገሪቱ መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውጭ የሆኑ መድኃኒቶችን አዘውትሮ ሲያገኝ፣ ሌላው ርካሹንና ተመሳሳዩን ያገኛል። ካርዱ ሲለይ ማዘዣው ተለየ። ከሁለቱ አንዱ ትክክል ከሆነ ሌላው ወይ ተጎድቷል ወይ ተትረፍርፎለታል፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም።

እዚህ ላይ ሐኪሙን ገንዘብ ወዳድ ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን አላምነውም። የእናቴ ሐኪም ከዚያች ቫይታሚን አምስት ሳንቲም አላገኘም። በእርግጥ ጥቅም በግልጽ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ለዚህም ነው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሲሲሊው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋር በንግድ እንዳይሻረክ በሕግ የከለከለው። ቻይናም ሆስፒታሎቿ በሚሸጡት መድኃኒት ላይ እስከ 15 በመቶ እንዲጨምሩ ፈቅዳ ቆይታ፣ ማዘዣው እየረዘመ ሲያስቸግራት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምራ ጭማሪውን በደረጃ አስቀርታለች። በእኛም አገር የመንግሥት ሆስፒታል ከመድኃኒት የሚያገኘው ገቢ ለራሱ እንዲቀር ይደረጋል፤ ለመልካም ሐሳብ ነው፣ ግን ረጅም ማዘዣ ሆስፒታሉን አያከስረውም ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ለዚያ ወጣት ሐኪም እስክሪብቶውን ያንቀሳቀሰው ሌላ ነገር ይመስለኛል።

መድኃኒት መጻፍ ከማስረዳት ይፈጥናል። «እማማ፣ ይህ የዕድሜ ነው፤ መገጣጠሚያዎ እየሳሳ ነው፤ ክብደት ይቀንሱ፣ በቀን ትንሽ ይራመዱ፣ ሲብስብዎ ይህችን አንዲት ክኒን ይዋጡ» ለማለት ሩብ ሰዓት ያስፈልጋል። በር ላይ አርባ ሃምሳ ሰው ቆሟል። አምስት መስመር ለመጻፍ ግን አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ደግሞስ እኛ ራሳችን ምን እንላለን? «ምንም ሳይጽፍልኝ ሸኘኝ» የሚለው ወቀሳ በየቤቱ አለ። መርፌ የማይወጋ ሐኪም እንዳላከመ የሚቆጠርበት አካባቢ ብዙ ነው። ላቦራቶሪው ሪኤጀንት ሲያልቅበት፣ ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል ሊያውቅ ባልቻለበት ሰዓት፣ «ለማንኛውም» ብሎ አንቲባዮቲክ ይጨምራል። ፍርሃት አለበት፤ ነገ ሕመምተኛዋ ብትብስ ሰው የሚጠይቀው ያልጻፈውን እንጂ የጻፈውን አይደለም። እናም ማዘዣው እየረዘመ የሚሄደው በስስት ሳይሆን በድካም፣ በፍርሃትና በደግነት ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ክፉ ሐሳብ ቢሆን በሕግ ይያዛል፤ ደግነትን ግን በምን ትይዘዋለህ?

ያ ደግነት በእርግጥ ለእናቴ ደግ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቅ። ማታ ላይ ፋርማሲስት ለሆነች የአጎቴ ልጅ ማዘዣውን አሳየኋት። ከሁሉ በፊት ጣቷን ያሳረፈችው ዳይክሎፌናኩ ላይ ነው። «ጨጓራ ለሚነሳበት ሰው ይህን መስጠት ሁለት ጊዜ ያሳስባል» አለችኝ። ኦሜፕራዞሉ የተጻፈው ዳይክሎፌናኩ ጨጓራዋን እንዳይጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታሉ ግን የሰጠን የሚጎዳውን ነው፣ መከላከያው «የለም» ተብሏል። ለጉልበት ከሚዋጠው ይልቅ የሚሻላት የሚቀባው ነበር፤ እሱም «የለም»። አሞክሲሲሊኑ ለምን እንደታዘዘ ከማዘዣው ሊገባት አልቻለም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሳያውቅ አልቀረም፤ የሚያውቀውን ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረውም።

አሞክሲሲሊኑን እናቴ ሦስት ቀን ዋጠችው፤ ምንም ለውጥ ስታጣ ተወችው። የቀረውን በፌስታል ጠቅልላ ቡፌው ላይ ከቡና ስኒዎቹ ጎን አስቀመጠችው። አሁንም እዚያ ነው፤ ከሌሎች ፌስታሎች ጋር። አንድ ቀን ፈትቼ ቆጠርኳቸው፤ ስማቸው የተፋቀ ቅጠሎች፣ ግማሽ የሞላ ሽሮፕ፣ ከየትኛው ሕመም እንደተረፉ ራሷም የማታስታውሳቸው ክኒኖች። የጎረቤት ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ጊዜ ከዚያው አውጥታ ሰጥታዋለች፤ ለሰው መድኃኒት መንፈግ በእሷ ዘንድ ነውር ነው። ተዋሲያን መድኃኒት መልመድ የሚጀምሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በግማሽ የተዋጠ አንቲባዮቲክ የሚያስከፍለው ዛሬ ያዋጣውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ ያው መድኃኒት የማይሠራለትን ሕፃንም ጭምር ነው። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጡት የማይታዩ ሰዎች አንዱ ገና አልተወለደም።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም በቀላሉ የማላልፈው። ሐኪም ፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ትቶ ስለ ካዝና ማሰብ ከጀመረ ሐኪምነቱ አበቃ ይባላል። ይህ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ነገር ያስታውሰኛል። ስሟና መልኳ የሚታወቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ቢያስፈልጋት ሰው ይረባረባል፤ የሆስፒታል በጀት ቢቀንስና በዚያ ሰበብ ጥቂት ሰዎች ቢሞቱ ግን የሚያለቅስ አይገኝም፤ እነማን እንደሆኑ አይታወቅማ። ፊት ያለው ሰው ፊት የሌለውን ሁልጊዜ ያሸንፋል። ብዙዎች ይህን እንደ ሰው ድክመት ይቆጥሩታል። እኔ ሙሉ በሙሉ ድክመት አልለውም። ሐኪሙ እናቴን ሲያይ እናቴን ብቻ እንዲያይ እፈልጋለሁ። በአልጋ ላይ ሆኜ፣ የሚያክመኝ ሰው በሆዱ «ለዚህ ሰውዬ ይህን ያህል ብር ይገባዋል ወይ?» እያለ እንደሚቆጥር ባውቅ፣ የሚሰጠኝን መድኃኒት አላምነውም፤ የሚከለክለኝንማ ጨርሶ።

ግን ተቃውሞው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይሰፋል። የማይጠቅም መድኃኒት አለመጻፍ አንድ ነገር ነው። የሚጠቅም ግን ውድ የሆነ መድኃኒት መከልከል ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ በእናቴና በአዋጪዎቹ መካከል ምንም ጠብ የለም። ያልተጻፈ አሞክሲሲሊን እሷንም ይጠቅማል፣ ሽማግሌውንም። በ1985 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ናይሮቢ ላይ በጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ ተገቢ የመድኃኒት አጠቃቀም ምን እንደሆነ ሲበየን፣ ለሕመሙ የሚስማማ መድኃኒት፣ በትክክለኛ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ ከተባለ በኋላ፣ ለታካሚውም ለማኅበረሰቡም በአነስተኛ ዋጋ የሚል ተጨመረበት። ለማኅበረሰቡም! ከአርባ ዓመት በፊት እነዚያ ባለሙያዎች የማይታየውን ሰው ወደ ምርመራ ክፍሉ አስገብተውት ነበር። እንደ ጠላት ሳይሆን ከታካሚው ጎን አስቀምጠው። ከአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ወጪ ሊቀነስ የሚችለው ብዙው ክፍል ከዚህ ከመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል፤ ማንም ሳይጎዳ የሚቀነስ።

ሁለተኛው ነው ከባዱ። መድኃኒቱ ይጠቅማል፤ ግን የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና የመቶ ቤተሰብ መዋጮ ይፈጃል። እዚህ ላይ ሐኪሙን ዳኛ ማድረግ እሱንም ሕመምተኛውንም መበደል ነው። ወደ እድሩ የምመለሰው አሁን ነው። የእድር ጥበብ ገንዘቡ ላይ አይደለም፤ ደንቡ ላይ ነው። ማንም ሳይሞት፣ ሐዘን ልብን ሳይሰብር፣ ሁሉም በጤናው ተቀምጦ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ እናደርጋለን» ይላል። ማን እንደሚታመም ሳይታወቅ የተቆረጠ ገደብ ፍትሐዊ ነው፤ ቆራጩ ራሱን እየቆረጠ ነውና። ሰው ከታመመ በኋላ በዝምታ በሐኪሙ እጅ የሚቆረጥ ገደብ ግን ጭካኔ ነው። የመድህኑ አባላት የትኛው መድኃኒት እንደሚሸፈን፣ የትኛው እንደማይሸፈን፣ ለምንስ እንደሆነ አስቀድመው በግልጽ ካወቁና ከተስማሙ፣ ሐኪሙ በዚያ አጥር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የታካሚው መሆን ይችላል። ለሁለት ጌታ መገዛቱ ይቀርለታል።

አንዳንዶች መፍትሔው ታካሚው ከኪሱ ትንሽ እንዲከፍል ማድረግ ነው ይላሉ፤ ሲከፍል ይቆጥባል ብለው። ይህ በተግባር ተሞክሯል። በአሜሪካ ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ራንድ የተባለው ተቋም ሺዎችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ለአንዳንዱ ሕክምናን ነፃ፣ ለሌላው በክፍያ አድርጎ ተከታተላቸው። የሚከፍሉት በእርግጥ ጥቂት ታከሙ። ግን የቀነሱት የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈልጋቸውንም እኩል ቀነሱ። ደሃ የሆኑና ግፊት ያለባቸው ሰዎች ነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው የተሻለ ተያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የትኛው መስመር ትርፍ እንደሆነ ታካሚው አያውቅም። ሽማግሌው ገንዘብ ቢጠየቁ ቫይታሚኑን ትተው ኢንሱሊኑን አይገዙም፤ ሁለቱንም ትተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለሐኪሙ እስክሪብቶ የሚሆን ልጓም በታካሚው ኪስ ላይ አይታሰርም።

ሐኪሞችን በቁጥር መከታተልስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው መለኪያዎች በእኛም ሆስፒታሎች ለጥናት ያገለግላሉ። ለአንድ ታካሚ በአማካይ ስንት መድኃኒት ተጻፈ፣ ስንቱ በመጠሪያ ስሙ እንጂ በፋብሪካ ስሙ አልተጻፈም፣ ከስንት አንዱ አንቲባዮቲክ ነው፣ ስንቱ መርፌ፣ ስንቱ ከመሠረታዊው ዝርዝር። ጥሩ የሚባለው አማካይ ከ1.6 እስከ 1.8 መድኃኒት ነው፤ የእናቴ 5 ነበር። ቁጥሮቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ለፍርድ ሲቸኩሉባቸው ያታልላሉ። ወጪው ከፍ ያለው ሐኪም ምናልባት ሌሎች የሸሹትን፣ ስኳርም ግፊትም ኩላሊትም የተደራረበበትን ሕመምተኛ የሚቀበለው ነው። ስሙ በዝርዝሩ አናት ላይ ስለተገኘ የተቀጣ ሐኪም በሚቀጥለው ሳምንት ከባድ ሕመምተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይጀምራል። ቁጥሩ ለቅጣት ሳይሆን ለጥያቄ መነሻ ሲሆን ግን ይሠራል፤ አንድ ባልደረባ ሌላውን «ይህን ለምን ጻፍክ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጠረጴዛ ካለ።

በአገራችን የዚህ ጅምር አለ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው የመድኃኒት ግብይትን ኦዲት ለማድረግ የሚያስችል አሠራር፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከግዥ እስከ ታካሚው እጅ በሰነድ እንዲታይ አድርጓል። በሰነድ የታየ ነገር ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህ በፊት የሚቆጠረው ገንዘቡ ነበር፤ አሁን የቱ መድኃኒት ለማን እንደሄደ መቁጠር ይቻላል። የሚጎድለው ያ ቁጥር ወደ ሁለት ቦታ መመለሱ ነው። አንደኛው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙ ሐኪም የሚጽፈው መድኃኒት ዋጋው ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ በትምህርት ቤትም በሆስፒታልም ማንም ነግሮት አያውቅም። ዋጋው አጠገቡ ቢኖር ከታካሚዋ አይወስድባትም፤ ሁለት እኩል ከሆኑ መድኃኒቶች ርካሹን እንዲጽፍ ብቻ ያስችለዋል። ሁለተኛው አዋጪው ዘንድ ነው፤ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ለእናቴ ሐኪም ክፉ ቃል የለኝም። እንደገና ባገኘው የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «መድህን አላቸው?» የሚለውን ጥያቄ አይጠይቀኝ። ወይም ከጠየቀኝ፣ መልሱን ሰምቶ መስመር አይጨምር። ለእናቴ ሊሰጣት የሚፈልገው ደግነት ካለ፣ ጉልበቷ ለምን እንደሚያማት ሁለት ደቂቃ ይንገራት። ያን ማንም አይከፍልበትም፣ ቡፌ ላይም አይቀርም።

ለአንተና ለአንቺ ለአንባቢዎቼ ደግሞ፦ መዋጮ የምትከፍሉ ከሆነ፣ የዘንድሮው የዕድሳት ጊዜ ሲደርስ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ያለፈው ዓመት ገንዘባችን ለየትኛው መድኃኒት ስንት ብር እንደወጣ ይነበብልን በሉ። እኔ እናቴን ወክዬ ባለፈው ስብሰባ ጠይቄያለሁ። መዝገቡን የያዘው ሰው ጥያቄዬን በማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።